በባዶ እጁ «ሦስት» የሚለው ዋኘው

ዳንግላ ውስጥ መምህር ዋኘውን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ስብሰባ የማይወድ ብልህ ሰው ነው። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል፤ ልጆቹም ባሕር ዳር ገብተው እዚያው ቀርተዋል። ቁመቱ ዘለግ ያለ ነው፤ ድምፁ ደግሞ ከቁመቱ ይበልጣል። እግዜር አንድ ስጦታ ሰጥቶታል፦ ማንም አፉን ሳይከፍት ትልቁን ነገር ተናግሮ መጨረስ።

የእድር ጸሐፊ ሊመረጥ ነው ሲባል፣ ማንም ስሙን ሳያነሣ ብድግ ይልና «እኔ ደም ግፊት አለብኝ፤ ሐኪም ከወረቀት ራቅ ብሎኛል» ይላል። ማን ሊመርጠው እንዳሰበ እግዜር ይወቅ። ሥጋ ቤት ሲገባ ገና ሰላም ሳይል «ባለፈው የሰጠኸኝ ጅማት ጥርሴን አነቃነቀው» ይላል፤ ባለፈው የበላው ሽሮ ነው። ሠርግ ሲጠራ ደጅ ላይ ቆሞ «አልቆይም፤ ቀጠሮ አለብኝ» ብሎ ይገባል፤ በማግስቱ ድንኳኑ ሲነቀል ካስማውን ይዞ የሚያቀብለው እሱ ነው። ኧረ ስንቱን!

ይህን አመል ከየት አመጣው ብትሉ፣ ከካርታ ነው። ብሪጅ የሚባል የካርታ ጨዋታ አለ፤ ወጣቶቹ በየጥጉ እየተጯጯሁ የሚጫወቱት ዓይነት አይደለም። አራት ሰው ይቀመጣል። ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ ወገን ናቸው፤ ጎንና ጎን ያለው ተቃራኒ ነው። ካርታው ከታደለ በኋላ፣ አንድም ካርታ ሳይጣል፣ ጨረታ አለ። እያንዳንዱ በተራው «እኔ ይህን ያህል እበላለሁ» እያለ ከ«አንድ» ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ከፍ አድርጎ የጠራው ጨዋታውን ይወስዳል፤ ያለውን ካላሟላ ይቀጣል። ተቃራኒው «ዶብል» ካለበት ደግሞ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። «ዶብል» ማለት በእኛ አነጋገር «ውሸትህን ነው፤ እስቲ አሳየኝ» ማለት ነው።

ጨረታው እንግዲህ ወሬም ነው። ወገንህ እጅህን አያይም፤ የሚያውቀው ከምትጠራው ቁጥር ብቻ ነው። ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ የሚወጣ ሰው ከወገኑ ጋር ይነጋገራል፣ ይስማማል። ታዲያ ተቃራኒዎችህ እንዳይነጋገሩ ከፈለግህ፣ ገና ከመነሻው «ሦስት!» ብለህ መንገዱን ትዘጋለህ። የእኛዎቹ ይህን «አጥር» ይሉታል። አጥር የሚያጥረው እጁ የሞላ ሰው አይደለም፤ አንድ ዓይነት ካርታ ተደርድሮለት ሌላው ሁሉ ባዶ የሆነበት ነው። ሀብታሞቹ ሳይመካከሩ ድሃው ቀድሞ በር ላይ ቆሞ ይጮሃል ማለት ነው። ዋኘው ይህን ሲማር ገና ተማሪ ነበር፤ ያስተማረው አንድ ሕንዳዊ የሒሳብ መምህር ነው። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ካርታውን ለዋኘው ጥሎለት ሄደ፤ ዋኘው ካርታውን ከኪሱ፣ አጥሩን ከኑሮው ሳይለይ ይኸው ሸመገለ።

በዚህ አጥር ነገር ዳንግላ ለሁለት ተከፍላለች። ዳንግላ ስል በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በብሥራት የልብስ መቍረጫ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡትን አራቱን ማለቴ ነው። ብሥራት ልብስ ሰፊ ነው፤ የዋኘው ወገን። ሦስተኛው ሽባባው ባለጋሪው ነው፤ ከሁሉም በዕድሜ ያንሳል፣ ከሁሉም በላይ ይፈራል። የሽባባው ወገን ደግሞ ውባለም ናት፤ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ባሏ የሞተባት፣ ስትናገር የማትጮህ፣ ስትስቅ የማትጨርስ ሴት። እሷ ጨዋታውን የተማረችው ነርስነት ስትማር ከአንዲት አሮጊት ፈረንጅ ነው። አሮጊቷ ደግሞ የድሮ ሰው ነበረች።

«ሁለት ብሎ የጀመረ ሰው እጁ ሙሉ ነው ማለት ነው» ትላለች ውባለም። «ከፍ ብለህ ከጀመርህ አለህ ማለት ነው። አለቀ።»

«ያ የጥንት ነው!» ይላል ዋኘው ጠረጴዛውን እየመታ። «አሁን ዓለም ሁሉ ሁለትን ለድሃ ትቶታል። ሙሉ እጅ በዓመት ስንቴ ይመጣል? ባዶ እጅ ግን በየእሑዱ አለ። ለማይመጣ እንግዳ ወንበር አስቀምጠሽ ቤተኛውን ታቆሚዋለሽ?»

«ወገንህስ? አጥርህን ጎረቤት ብቻ ነው የሚያየው? ፊት ለፊትህ የተቀመጠው ሰው ያለህን ከሌለህ በምን ይለየው?»

«ብሥራት ይለየዋል።»

«ለይቼው አላውቅም» ይላል ብሥራት መቀሱን እየጠረገ። «እኔ ሕጌ አንድ ነው። ወገኔ አጥር ካጠረ፣ ያለኝን እንጨት ሁሉ ጨምሬ ከፍ አደርገዋለሁ። እሱ ሦስት ሲል እኔ አራት።»

ሽባባው በዚህ ክርክር የለበትም። እጁ ጥሩ ሲሆን ይናገራል፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ከጮኸ ግን ንጉሥም ንግሥትም ይዞ «ፓስ» ብሎ ያልፋል። ዋኘው የሚያሸንፈው በሽባባው ነው፤ የሚሸነፈው በውባለም። «ሦስት» ባለ ቁጥር አሻቅባ ታየውና፣ ቀስ ብላ፣ ሕፃን መርፌ እንደምትወጋ ሁሉ፣ «ዶብል» ትለዋለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ኀዘን ነው።

እና ዋኘው ውባለምን ይወዳታል። ነገሩን ማድበስበስ ምን ያደርጋል? ይወዳታል። ወገንሽ ልሁን፣ ፊት ለፊትሽ ልቀመጥ ብሎ ስንት ጊዜ ለምኗታል፤ መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እጁን ከማላምነው ሰው ፊት ለፊት አልቀመጥም።» ሰውየው ሊያገባት ይፈልጋል። ቤቱ ሲገባ ሰላም የሚለው ሬዲዮኑን ነው፤ ያውም ሬዲዮኑ መልስ አይጠብቅም፤ የራሱን ወሬ ይቀጥላል።

አንድ እሑድ ሽባባው ካርታ እያደለ «እትዬ ውባለም ዛሬ አይመጡም፤ እንግዳ አለባቸው» አለ። «ከጫግኒ የመጣ ነጋዴ ነው። እኔ ነኝ በጋሪዬ ያደረስሁት። ሽቶ ተቀብቶ ፈረሴን አስነጠሰው።»

ዋኘው ፊቱ ጠቆረ። የጫግኒ ነጋዴ፣ ሽቶ፣ እንግድነት። አለቀ! ሰውየው ሽማግሌ ሊልክ ነው። ያን ዕለት ካርታ አልነካም፤ ብሥራትን በክንዱ ጎትቶ ወደ ጓሮ ወሰደው።

«ዛሬ ነገ ሳትል ሽማግሌ ሁነህ ሂድልኝ። ከታች እንዳትጀምር! ከታች ከጀመርህ ያ የጫግኒ ሰውና ወንድሟ ተነጋግረው ይስማማሉ። በሦስት ነው መጀመር። አፋቸውን የሚያስይዝ ነገር ተናገር።»

ብሥራት አንድ ቄስና አንድ ጎረቤት ይዞ በጠዋት ሄደ። ውባለም ታላቅ ወንድሟን ባንተአምላክን ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር አስጠርታዋለች፤ ገበሬ ነው፣ ፈረስ የሚወድ፣ ቃል የማያበዛ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ውባለም ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ትሰማለች።

«ልጃችን ዋኘው» አለ ብሥራት ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በእንጅባራ አስፋልት ዳር ቦታ አለው። ፎቅ ሊያቆምበት ነው።»

ይህን ዋኘው ነው ያስጠናው። ቦታው በእርግጥ አለ፤ የሌላ ሰው ነው። ዋኘው በሚኒባስ ባለፈ ቁጥር በመስኮት ያየዋል።

ባንተአምላክ ፊቱን አላፈካም። «ቦታስ ጥሩ። እኛ ዘንድ ግን ወንድ በፈረሱ ነው የሚታወቀው» አለ።

እዚህ ላይ ብሥራት ዝም ቢል ምናለበት! ግን ስንት ዘመን የተጫወተበት እጁ መቼ ዝም ይላል? ወገኑ አጥሯል፤ እሱ ከፍ ማድረግ አለበት። «ፈረስማ!» አለ። «የፈረስ ነገር ከተነሣማ ዋኘው የሚጋልበውን ማን ይጋልባል? በየዓመቱ በጥር ጊዮርጊስ እንጅባራ ላይ አይደል እንዴ አቧራውን የሚያስነሣው!» ቄሱ ደነገጡ፤ ጎረቤትየው ጫማውን ማየት ጀመረ።

ከመጋረጃው ወዲያ የውባለም ድምፅ ተሰማ። «ደስ ይላል። እንግዲያውስ ዘንድሮ ሲጋልብ ልየውና መልሴን ያን ጊዜ እሰጣለሁ።» ብሥራት ላብ አጠመቀው። ድምፁን ያውቀዋል፤ በየእሑዱ «ዶብል» የምትልበት ድምፅ ነው።

ወሬው ሲደርሰው ዋኘው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ፈረስ? አንተ ሰው፣ ፈረስ? እኔ በሕይወቴ በቅሎ ላይ እንኳ ወጥቼ አላውቅም!»

«አንተ አጥር ስታጥር እኔ ከፍ አደርጋለሁ። እንዲህ አይደል የተጫወትነው?»

«ይህ ካርታ ነው እንዴ?»

«ሦስት ብለህ ጀምር ያልኸኝ ማን ነው?»

ዋኘው ቃሉን ልመልስ ቢል አይመለስም፤ በሽማግሌ አፍ የተነገረ ነገር ሐሰት ነው ከተባለ፣ ያ ሰው በዚያ ደጅ ዳግመኛ ሽማግሌ አይልክም። ውባለምን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ እሑዱንም ያጣል። በምን ፊቱ ነው ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው? ስለዚህ ለሽባባው ሄዶ ለመነ።

«ዳማው አለ፤ ደግ ፈረስ ነው» አለ ሽባባው ራሱን እያከከ። «ግን ጋሼ፣ እሱ እኮ ጋሪ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ፈረስ ፈረስ ነው!» አለ ዋኘው። አስተማሪ ስለነበረ የማያውቀውን ነገር በሙሉ ድምፅ መናገር ይችልበታል።

በጥር ጊዮርጊስ ዋዜማ ዳማውን በአይሱዙ ጭነው እንጅባራ ገቡ። ፈረሱ መንገዱን ሁሉ ረጋ ብሎ ቆመ፤ ያስመለሰው ዋኘውን ነው። በማግስቱ ሜዳው በፈረሰኛ ሞላ። ኮርቻው በቀይና በአረንጓዴ ክር ያጌጠ፣ ጋማው የተሸለመ፣ ከየወረዳው የመጣ ወንድ ነው፤ ፈረሶቹ መሬት አልበቃ ብሏቸው ይንቆራጠጣሉ። ከመሃላቸው ዳማው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ብሥራት ከመጋረጃ ትራፊ በሰፋለት ጌጥ ተሸፍኗል። ዋኘው ላዩ ላይ ጉብ ብሏል። በሕዝቡ መካከል የውባለምን ነጠላ ሲያይ አገጩን ቀና አደረገ። «እግዜር ያውቃል፤ አንዴ እስከዚያ ማዶ ከደረስሁ ይበቃኛል» አለ።

ተለቀቁ። እውነቱን ለመናገር ዳማው ሲጀምር ጥሩ ሮጠ። ባንተአምላክ ሳይቀር «ይች ናት!» ብሎ ነበር። ሕዝቡ ጮኸ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹም እጃቸውን አነሡ።

ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። የዳንግላ ጋሪ ፈረስ ሃይማኖቱ አንድ ነው፤ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ያነሣን ሰው አያልፍም። ዳማው የመጀመሪያዋን እጅ እንዳየ ወደ ዳር ወጥቶ ቀጥ አለ። ዋኘው አንገቱ ላይ ተንሸራቶ በጋማው ተረፈ። «ሂድ! ሂድ እንጂ አንተ!» ቢለው ምን ሲደረግ? ተሳፋሪ ሳይጭን መቼ ሄዶ ያውቃል? አንድ ሞቅ ያለው ሰውዬ መጥቶ «እስከ መናኸሪያ ድረስ ነኝ» እያለ ከኋላ ሊወጣ ሞከረ። ይህ ሲገፈተር ዳማው ጋሪው የሞላ መሰለውና ተነሣ፤ ጥቂት ሄዶ ሌላ እጅ አየ፤ ቆመ። ማዶም እጅ አለ፤ እዚያም ቆመ። ሌሎቹ ፈረሰኞች ዙሪያውን ጨርሰው ተመልሰው በአጠገቡ ያልፋሉ። በድምፅ ማጉያው «የዳንግላው ፈረሰኛ ሕዝቡን በየግል ሰላም እያለ ነው» ተባለ። ሜዳው በሳቅ አለቀ። ሕዝቡ ነገሩን ነቃበትና እጁን ያላነሣ ሰው አልቀረም።

ዋኘው ላይ የወረደበት ውርደት በቃል አይነገርም። ሲያስተምር የኖረውን አገር ሁሉ አሰበ፤ በረሃውንም፣ ደሴቱንም፤ ሰው የሌለበት የትኛው እንደሆነ ጠፋው።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ውባለም ከሰው ቀደም ብላ ወጣችና እጇን አነሣች። ዳማው ወደ እሷ ሄዶ ፊቷ ቆመ።

«ዳማው፣ ደህና ነህ?» አለች የፈረሱን ግንባር እያሻሸች። ከዚያ ቀና ብላ ዋኘውን አየችው።

ዋኘው አጥሩን አዘጋጅቷል። «ዋናው ፈረሴ እግሩን ታሞ» የሚለው ምላሱ ጫፍ ደርሷል። ግን አስተያየቷን ያውቀዋል፤ ካርታውን በጀርባው በኩል የምታነብ የሚመስለው አስተያየት ነው። ድንገት ደከመው፤ ዕድሜ ልኩን የጮኸው ሁሉ ባንድ ጊዜ ትከሻው ላይ ወረደ።

«የሽባባው ነው» አለ።

«አውቀዋለሁ፤ ጤና ጣቢያ ስመላለስ የኖርሁት በእሱ ነው። ቦታውስ?»

«የሰው ነው።»

«ፎቁስ?»

«ቦታው የሰው ከሆነ ፎቁን ምን ላይ ላቁመው?»

«ታዲያ ምን አለህ?»

«ምንም የለኝም። ጡረታዬና የጉልበት ሕመም። ብቻዬን መብላት መርሮኛል፣ ውባለም። ያ የጫግኒው ሰው እንዳይቀድመኝ ፈርቼ ነው።»

«የቱ የጫግኒ ሰው?»

«ሽቶ የሚቀባው።»

ውባለም ግንባሯን ቋጠረች፤ ከዚያ ትዝ አላትና በሳቅ ዳማው ላይ ተደገፈች። «በቆሎ ሊሸጥልኝ የመጣውን ነው? ሰውየው እኮ የአምስት ልጆች አባት ነው! ሚስቱንም አዋልጃታለሁ!» ሳቋን እንደ ልማዷ ሳትጨርሰው ተወችውና በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። «ሞኝ! የመጀመሪያውን ቀን ይህንኑ ብለህ ብትልክ እምቢ እልህ ነበር?»

ዋኘውን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሕንዳዊው መምህር አላስተማረውም።

«እሑድ ከእኔ ፊት ለፊት ትቀመጣለህ» አለችው። ዋኘው ይህን ሲሰማ እዚያው ፈረሱ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። ባንተአምላክ መጣና ልጓሙን ያዘለት። «በል ውረድ እንግዲህ፤ እንስሳውም ይረፍ» አለው።

እሑድ ደረሰ። ዋኘው ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ሸሚዝ ለውጦ ከውባለም ፊት ለፊት ተቀመጠ። ብሥራትና ሽባባው ወገን ሆኑ። በመጀመሪያው ዕደላ ዋኘው እጁ የገባው ያው የለመደው ነው፤ ጥቁር ልብ ተደርድሯል፣ ሌላው ባዶ። «ሦስት» ጉሮሮው ድረስ መጣ። ውባለምን አያት። ዋጠው።

«ፓስ» አለ።

ብሥራት መነጽሩን አወለቀ። «አሞሃል እንዴ?»

ሁለተኛው ታደለ። የመጀመሪያው ተራ የውባለም ነው። ካርታዋን ገጥማ አየች፣ ከደነች፤ ረጋ ባለ ድምፅ «ሦስት ቀይ ልብ» አለች።

ኧረ ጉድ! ውባለም ሦስት ብላ ጀመረች! በእሷ ሕግ ከፍ ብሎ የሚጀምር እጁ የሞላ ነው፤ ይህን ደግሞ ዳንግላ ሁሉ ያውቃል። ብሥራት ወዲያው «ፓስ» አለ። ዋኘው ልቡ በኩራት ሞላ፤ እጁ ላይ ያለችውን ጥቂት ቀይ ልብ ቆጥሮ «አራት!» አለ። ሽባባው እጁን ደጋግሞ አየ፤ ውባለምንም አየ፤ «ፓስ» አለ።

ቀይ ልብን ቀድማ የጠራችው ውባለም ስለሆነች የምትጫወተው እሷ ናት፤ ዋኘው እንደ ሕጉ ካርታውን በደስታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላትና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያየው ነገር አልገባውም። ብሥራት በአስ በላ። ሽባባው በንጉሥ በላ፤ በንግሥት ደገመ። እንደገና ብሥራት። ውባለም የምትጥለው ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ነው። ከቀይ ልብ በቀር እጇ ላይ አንድ የረባ ነገር የለም።

ውባለም የተጠራውን አላሟላችም፤ ግን «ዶብል» ያላት ስለሌለ ቅጣቱ ትንሽ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ሽባባው በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «ወይኔ! ሙሉ እጅ እኮ ነበረኝ! ጨዋታው የእኛ ነበር እኮ!»

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?» አለ ብሥራት እየተንጨረጨረ።

«የጠሩት እትዬ ውባለም ናቸዋ! እሳቸው መቼ ዋሽተው ያውቃሉ?»

ዋኘው አፉን ከፍቶ ከፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን ሴት ያያል። «አንቺ... በባዶ እጅሽ ሦስት አልሽ?»

ውባለም ካርታውን ሰብስባ ጠርዙን አስተካከለች።

«ይህን ሁሉ ዘመን እውነት የተናገርሁት ለመቼ ቀን መስሎህ ነው?» አለችው።